ደረት ሲመታ ልብ ምን ይሆናል?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው የሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ መኪና ሲጋጭ ሰው ሁሉ የሚሮጠው ደም ወደሚፈሰው ነው። እጁ የተሰበረው፣ ግንባሩ የተፈነከተው፣ የሚጮኸው ቀድሞ ይነሣል። መሪው ደረቱን የመታው ሾፌር ግን ብዙ ጊዜ በሩን ራሱ ከፍቶ ይወርድና መንገድ ዳር ይቀመጣል። «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆንኩም» ይላል። ረዳቱም «አብሽር» እያለ ውኃ ያቀብለዋል። ሸሚዙ ላይ ጠብታ ደም የለም። ደረቱ ቢገለጥ የመሪው ሰንበር ቀላ ብሎ ይታይ ይሆናል፤ አንዳንዴ እሱም የለም። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ሰው ነው። ከፍርንባው ጀርባ ልቡ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ደግሞ ከውጭ አይቶ የሚያውቅ ዓይን የለም።

ስለት ሳይገባ፣ ጥይት ሳይነካ፣ በምት ወይም በመጨፍለቅ ብቻ ልብ የሚጎዳው በየትም አገር በአብዛኛው በመኪና አደጋ ነው። ወሎ ውስጥ ግን ሌላም መንገድ አለ። ባጃጅ ሲገለበጥ ሾፌሩ እጀታው ላይ ይደፋል። በሬ በቀንዱ ሳይወጋ በግንባሩ ብቻ ገፍቶ ሰውን ከግድግዳ ጋር ያጣብቃል። በቅሎ ትራገጣለች። ጣሪያ ሲከድን ወይም ዛፍ ሲመለምል የወደቀ አለ፣ ገደል የገባ አለ። ደላንታ ላይ ኦፓል ፍለጋ ዋሻ የገቡ ወጣቶች አፈርና ድንጋይ ሲናድባቸው ደረታቸው ይጨፈለቃል። የጠብ ዱላና ቡጢም አለ።

ልብ ያለበት ቦታ ጠባብ ነው። ከፊቱ ፍርንባ፣ ከኋላው አከርካሪ፣ በግራና በቀኙ ሳንባ አለ። ብዙዎቻችን ልብ በግራ ደረት ውስጥ ያለ ይመስለናል፤ ጫፉ ወደ ግራ ያዘነብላል እንጂ አብዛኛው አካሉ መሃል ላይ፣ ፍርንባው ጀርባ ነው። አራት ክፍሎች አሉት፦ ሁለቱ ከላይ ሆነው ደም ይቀበላሉ፣ ሁለቱ ከታች ሆነው ደም ይረጫሉ። ለፍርንባው የሚቀርበው የታችኛው ቀኝ ክፍል ስለሆነ ምት ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚቀምሰው እሱ ነው። የታችኛው ግራ ክፍል ለመላ አካል ደም ስለሚገፋ ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ሲኮማተር በውስጡ ያለው ግፊት በጤነኛ ሰው 120 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይደርሳል። ቀኙ የሚገፋው ወደ ሳንባ ብቻ ስለሆነ ግፊቱ 25 ገደማ ነው። የላይኞቹ ክፍሎች ግፊት ከዚህም ያንሳል። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ልቡ ከተቀደደበት ሰው መካከል ማን ሆስፒታል በር ድረስ በሕይወት እንደሚደርስ በአብዛኛው የሚወስነው እሱ ነው።

ምቱ ወደ ልብ የሚደርሰው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። አንዱ ፍርንባው ወደ ውስጥ ተገፍቶ ልቡን ከአከርካሪው ጋር ሲያጣብቀው ነው። ሌላው በድንገት መቆም ነው፦ መኪናው ቆሟል፣ ደረቱም መሪው ላይ ቆሟል፣ ልቡ ግን በነበረበት ፍጥነት ወደፊት ይወረወራል፤ ያኔ ልቡን የያዙት ትልልቅ የደም ቧንቧዎች ይጎተታሉ። ብዙ ሰው የማያስበው ሦስተኛ መንገድም አለ። ሆድና እግር በድንገት ሲጨፈለቁ በውስጣቸው ያለው ደም በደም መላሽ ቧንቧዎች ወደ ላይ ይገፋና ልብን ከውስጥ ይወጥረዋል። ናዳ እስከ ወገቡ የቀበረው ሰው ደረቱ ሳይነካ እንኳ ልቡ ሊቀደድ የሚችለው በዚህ ነው። የተሰበረ የጎድን አጥንት ስንጣሪ ልብን የሚወጋበት ጊዜም አለ። ደግሞም ልብ ሁልጊዜ እኩል ተጋላጭ አይደለም፤ በደም ሞልቶ፣ በሮቹ (ቫልቮቹ) ተዘግተው ሊኮማተር በተዘጋጀባት ቅጽበት ምት ካገኘው የመቀደዱ ዕድል ይጨምራል።

ጉዳቱ ብዙ ዓይነት ነው

በብዛት የሚያጋጥመው የልብ ጡንቻ መቀጥቀጥ ነው። ጡንቻው ውስጥ ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበጠሱና ደም ይቋጥራል፤ ያ ቦታ ለጊዜው ደህና አድርጎ አይኮማተርም። የልብን ምት የሚመራው የኤሌክትሪክ መልእክትም እዚያ ቦታ ሲደርስ ይደናቀፋል። ሰውየው ልቡ ድው ድው ይልበታል፣ ወይም ምቱ ይዘበራረቃል፣ ወይም ጭራሽ ምንም አይሰማውም። ከእነዚህ ታካሚዎች አብዛኞቹ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናሉ። አደገኛው ጊዜ የመጀመሪያው ቀንና ሌሊት ነው፤ ምቱ በድንገት ተዛብቶ ልብ ሊቆም የሚችለው በብዛት ያኔ ነው። ስለዚህ ሆስፒታል አልጋ ላይ አስተኝቶ የልቡን ምት በማሽን መከታተል ትርፍ ነገር አይደለም። «መድኃኒት እንኳ አልሰጡትም፣ ዝም ብለው አስተኙት» ብለው ታካሚያቸውን አስፈርመው የሚያስወጡ አስታማሚዎች አሉ። ዝም ብሎ የተኛ የመሰላቸው ሰው ሕክምናው ክትትሉ ራሱ ነው።

ልብ ሳይቀደድ፣ ጡንቻው ሳይቀጠቀጥ፣ በአንድ ምት ብቻ ቀጥ የሚልበት ሁኔታም አለ። የሚያጋጥመው በአብዛኛው ልጆችና ወጣቶች ላይ ነው፤ የደረታቸው ግድግዳ ገና ለስላሳ ስለሆነ ምቱን ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ኳስ፣ ክርን፣ ቡጢ ሊሆን ይችላል፤ የግድ ኃይለኛ ምት መሆን የለበትም። ዋናው ጉዳይ ምቱ ያረፈበት ቅጽበት ነው። ልብ ከአንድ ምት በኋላ ኤሌክትሪኩን መልሶ በሚያዘጋጅበት ጊዜ ውስጥ 20 ሚሊ ሰከንድ ገደማ የምትሆን ክፍተት አለች፤ ምቱ በትክክል ልቡ ላይ፣ በዚያች ክፍተት ውስጥ ካረፈ ልቡ መርጨቱን ትቶ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ልጁ አንድ ሁለት እርምጃ ሄዶ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ ዳማር ሃምሊን በቴሌቪዥን በቀጥታ እየታየ ሜዳ ላይ የወደቀው በዚህ ነበር፤ የዳነው እዚያው ደረቱን መጫን ስለጀመሩና በኤሌክትሪክ መሣሪያ ልቡን ስላስነሱት ነው።

እንዲህ የወደቀ ልጅ ፊት ላይ ውኃ መርጨት፣ ክብሪት ማሽተት፣ ከቦ መጮኽ ደቂቃ ይበላል። የማይነቃና በደንብ የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኝታችሁ የፍርንባውን የታችኛውን ግማሽ በሁለት እጅ መዳፍ ተጫኑ፤ በአዋቂ ሰው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። አምቡላንስ እስኪመጣ አታቋርጡ፤ የቀይ መስቀል የአምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ያለ መጫንና ያለ ኤሌክትሪክ መሣሪያ በሚያልፍ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመዳን ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። ልብ የሚኖረው ፔሪካርዲየም በሚባል ከረጢት ውስጥ ነው። ከረጢቱ ቀጭን ቢሆንም ጠንካራ ነው፤ እንደ ስልቻ ቀስ በቀስ ቢሞሉት እየለጠጠ ብዙ ይይዛል፣ በድንገት ሲሞሉት ግን አይለጠጥም። በጤናው ጊዜ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ከ15 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ነው። በቲቢ ወይም በሌላ ሕመም ለወራት ቀስ እያለ ሲጠራቀም ከ1 ሊትር በላይ ይዞ የሚሄድ ሰው አለ። ልብ ተቀዶ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ሲፈስበት ግን ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም የአንድ ሻይ ብርጭቆ ያህል ደም ልብን አፍኖ ለመግደል ይበቃል። ሰውየው የሚሞተው ደሙ አልቆ አይደለም። ልቡ በዙሪያው ባለው ደም ተጨምቆ መሙላት ስላቃተው ነው፤ ያልሞላ ልብ ደግሞ የሚረጨው የለውም።

ምልክቱ ሦስት ነው ተብሎ ይማራል፦ የደም ግፊት ይወርዳል፣ የአንገት ደም ሥር ይገተራል፣ የልብ ድምፅ በማዳመጫ ሲሰማ ይርቃል። ሦስቱ አንድ ላይ የሚገኙት ግን በጥቂት ታካሚዎች ነው። ጫጫታ በሞላበት ድንገተኛ ክፍል የልብ ድምፅ መራቁን መለየት ከባድ ነው፤ ሌላ ቦታ ደም የፈሰሰው ሰው ደግሞ የአንገት ደም ሥሩ ላይገተር ይችላል። አስታማሚ ቀድሞ የሚያየው ሌላ ነገር ነው፦ ሰውየው መተኛት አይፈልግም፤ ቁጭ ልበል ይላል፣ ይቁነጠነጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል። «ደንግጦ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እባካችሁ አትለፉት።

እዚህ ላይ ነው ያ የግፊት ልዩነት የሚመጣው። የታችኛው ግራ ክፍል ሲቀደድ ደሙ በኃይል ስለሚወጣ አብዛኞቹ አደጋው ቦታ ላይ ይሞታሉ። የላይኛው ቀኝ ክፍል ሲቀደድ ደሙ በዝግታ ይወጣል፤ የከረጢቱ ግፊት ራሱ ቀዳዳውን ለጊዜው ተጭኖ ይይዘዋል። ሆስፒታል በሕይወት ከሚደርሱት የልብ መቀደድ ታካሚዎች ብዙዎቹ የቀኝ በኩል፣ በተለይም የላይኛው ቀኝ ክፍል መቀደድ ያለባቸው ናቸው። እነዚህ በእጃችን ላይ ሊድኑ የሚችሉ ሰዎች ናቸው።

የቀሩትን ባጭሩ ልበል። የልብ በሮች፣ ማለትም ቫልቮቹ፣ ወይም በሮቹን የያዙት ክሮች ሊበጠሱ ይችላሉ፤ ደም ወደ ኋላ ይመለሳል፣ በግራ በኩል ከሆነ ሳንባ በፍጥነት ውኃ ይሞላል። በሁለቱ የታችኛ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ሊሸነቆር ይችላል። ልብን ራሱን የሚመግበው ደም ወሳጅ ሲጎዳ ደም ይረጋበትና ስኳር፣ ግፊት የማያውቀው የ25 ዓመት ወጣት የልብ ድካም ሳይሆን እውነተኛ የልብ ጡንቻ መሞት ያጋጥመዋል። አልፎ አልፎም ከረጢቱ ራሱ ተቀዶ ልብ በቀዳዳው ሾልኮ ይጣመማል። ከልብ የሚወጣው ታላቁ ደም ወሳጅ፣ አኦርታ፣ በድንገተኛ መቆም ሲጎተት ብዙ ጊዜ የሚቀደደው ወደ ግራ ክንድ የሚሄደው ቅርንጫፍ ከተነሣበት ቦታ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው፤ ይህ የደረሰበት ሰው በአብዛኛው ሆስፒታል ሳይደርስ ይሞታል።

ከመንገድ ዳር እስከ ድንገተኛ ክፍል

ደረቱን የተመታ ሰው መጀመሪያ ወደ ወጌሻ የሚወሰድበት ጊዜ ብዙ ነው። ወጌሻ ለወለቀ ትከሻ የሚያውቀውን ያውቃል፤ የተመታ ደረት ግን በቅቤ መታሸት የለበትም። የተሰበረ የጎድን አጥንት ሲታሽ ሳንባ ይወጋል፣ የረጋው ደም ይላቀቃል። «ደም ቋጥሮበታል፣ ይፍታው» ተብሎ የሚጠጣው ፌጦም በልብ ዙሪያ የተጠራቀመ ደም ጋ አይደርስም፤ ይልቁንስ ሆዱ ባዶ መሆን ያለበትን ሰው ሆድ ይሞላል። ማደንዘዣ የሚሰጠው ሰው ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና ምግብም መጠጥም አትስጡት። ህመሙ ከብዶት አስፕሪን ቢለምን እሱንም አትስጡት፤ ደምን ያቀጥናል። ጫት የልብን ምትና የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ ምርጫው ነው ተብሎ የሚተው ነገር አይደለም፤ በዚያን ሰሞን ጭራሽ አይነካ። አንገቱን ወይም ጀርባውን የማያመው ከሆነ ደግሞ ቁጭ ብሎ መሄድ የሚሻለው ሰው በግድ ተጋድሞ አይጫን።

ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ሁለት ቀላል ምርመራዎች ትልቅ ሥራ ይሠራሉ። አንዱ ኢሲጂ ነው፤ ደረትና እጅ እግር ላይ የሚለጠፉ ሽቦዎች የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ ይጽፋሉ፣ ከ10 ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ሁለተኛው ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራ ነው። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ውስጥ የሚኖር ፕሮቲን ነው፤ ጡንቻው ሲጎዳ ወደ ደም ይወጣል። ሁለቱም ጤነኛ ሆነው ከተገኙና ሰውየው የተረጋጋ ከሆነ ትርጉም ያለው የልብ ጉዳት የለም ማለት ይቻላል። ከሁለቱ በአንዱ ብቻ መተማመን ግን ያሳስታል። ኢሲጂው አዲስ መዛባት ካሳየ ሰውየው ይተኛና ምቱ ይከታተላል። ብዙዎች ሲሰሙ የሚደነቁበት ነገር፦ የፍርንባ መሰበር ብቻውን ልብ ለመጎዳቱ ማረጋገጫ አይደለም። ፍርንባው ተሰብሮ ልቡ ደህና የሆነ አለ፤ አንድም አጥንት ሳይሰበር ልቡ የተቀደደ አለ። ስለዚህ «ራጁ ላይ ስብራት የለም» የሚለው ቃል ለልብ ምንም ዋስትና አይሰጥም።

የደም ግፊቱ የወረደ ሰው ላይ ደግሞ ወረፋ የለም፤ አልትራሳውንዱ ወዲያው ነው። ሐኪሙ መሣሪያውን ከፍርንባው ጫፍ በታች፣ ሆዱ በሚጀምርበት ጎድጓዳ ላይ ያስቀምጥና ወደ ግራ ትከሻ አቅጣጫ ያያል። መጀመሪያ ግራጫው ጉበት ይመጣል፣ ከጀርባው የሚመታው ልብ ይመጣል። በሁለቱ መካከል ጥቁር መስመር ካለ ፈሳሽ ነው፤ በተጎዳ ሰው ላይ ደግሞ ደም ነው ተብሎ ይወሰዳል። የቀኝ በኩል ክፍሎች መሙላት በሚገባቸው ጊዜ ወደ ውስጥ ሲሰረጎዱ ከታየ ልቡ ታፍኗል ማለት ነው። ይህን ለማየት 1 ደቂቃ ይበቃል። አንድ ወጥመድ አለ፦ ከረጢቱም አብሮ ከተቀደደ ደሙ ወደ ደረት ክፍተት ይፈስና በልቡ ዙሪያ ምንም ላይታይ ይችላል፤ ለዚህ ነው አልትራሳውንዱ ሁለቱን የደረት ጎኖችም ማየት ያለበት። ቫልቭና ግድግዳ በደንብ የሚታየው ኢኮ በሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ነው፤ አኦርታ የሚታየው በሲቲ ስካን ነው።

ቀዶ ሕክምናው

የልብ ቀዶ ሕክምና ሲባል ሰው የሚያስበው ልብን አቁሞ፣ በማሽን ደም እያዘዋወሩ፣ ሩቅ አገር የሚሠራ ነገር ነው። አንዳንዱ ጉዳት እውነትም ያንን ይጠይቃል። ነፍስ ለማትረፍ በአስቸኳይ የሚሠራው ግን በአብዛኛው ልብ እየመታ የሚሠራ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ ሬን እ.ኤ.አ. በ1896 ፍራንክፈርት ውስጥ በጩቤ የተወጋ ወጣት የታችኛውን ቀኝ የልብ ክፍል በሦስት ስፌት ሰፍቶ አድኗል። የልብና የሳንባን ሥራ የሚተካው ማሽን ሰው ላይ በተሳካ ሁኔታ የተሠራበት እ.ኤ.አ. በ1953 ነው፤ አሜሪካዊው ጆን ጊበን ነበር የተጠቀመበት። በመካከላቸው ከ50 ዓመት በላይ አለ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን የተቀደደ ልብ የተሰፋው ያለ ማሽን ነው።

ልቡ የታፈነ ሰው ቀዶ ክፍል ሲገባ ሥርዓቱ ከሌላው ቀዶ ይለያል። ሌላ ጊዜ ታካሚው መጀመሪያ ይተኛል፣ ከዚያ ይታጠባል። እዚህ ግን ነቅቶ እያለ ነው ደረቱ በአዮዲን የሚታጠበው፣ ጨርቁም የሚለብሰው። ቀዶ ሐኪሙ ቢላውን ይዞ አጠገቡ ከቆመ በኋላ ነው ሰመመን የሚሰጠው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ማደንዘዣው የደም ሥሮችን ያላላል፣ የመተንፈሻ ማሽኑም አየር ወደ ሳንባ ሲገፋ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ይቀንሳል። ቀድሞውኑ በጭንቅ የሚሞላው ልብ ያኔ በ1 ደቂቃ ውስጥ ሊቆም ይችላል። ይህን ለሚያይ ቤተሰብ ጭካኔ ይመስል ይሆናል፤ ሰውየውን ለማትረፍ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። እስከዚያው በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽና ደም ልቡ ጥቂትም ቢሆን እንዲሞላ ይረዳዋል።

ከዚያ ፍርንባው ከላይ እስከ ታች መሃል ለመሃል በመጋዝ ይሰነጠቃል፤ ጊዜ ከሌለ ወይም መጋዝ ከሌለ ከግራ ጡት በታች በጎድን አጥንቶች መካከል ይገባል። ከረጢቱ ተወጥሮ፣ መልኩ ወደ ሰማያዊ አድልቶ ይታያል። በመቀስ ሲከፈት የረጋና ጥቁር ደም ገንፍሎ ይወጣል። ወዲያው ልቡ ይሞላል፤ ማሽኑ ላይ 60 የነበረው የደም ግፊት በሰከንዶች ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል። በዚያው ቅጽበት ታፍኖ የነበረው ቀዳዳም መድማት ይጀምራል፤ የመጀመሪያው መፍትሔ የቀዶ ሐኪሙ ጣት ነው። ቀዳዳው ላይ ያሳርፋል፣ ቡድኑ ደም እስኪያቀርብና ትንፋሽ እስኪሰበስብ ይጠብቃል።

የላይኛው ቀኝ ክፍል ግድግዳ ስስ ስለሆነ የተቀደደው ጠርዝ በጎባጣ መቆንጠጫ ይያዝና በቀጭን ናይሎን መሰል ክር ይሰፋል። የታችኛው ክፍል ሲሆን ሥራው ይከብዳል፤ ጡንቻው በእያንዳንዱ ምት ከእጅ ይሸሻል፣ ክሩ ሲጠበቅም ሥጋውን ይቆርጠዋል። ለዚህ ተብሎ በቀዳዳው ግራና ቀኝ ከቴፍሎን የተሠራች የጨርቅ ቁራጭ ትደረጋለች፤ ክሩ በእሷ ውስጥ ያልፍና ጉልበቱ ሥጋው ላይ ሳይሆን ቁራጯ ላይ ያርፋል። ከአጠገቡ ልብን የሚመግብ ደም ወሳጅ ካለ ስፌቱ ከሥሩ ሾልኮ ያልፋል እንጂ አያንቀውም። ቀዳዳው ትልቅ ሆኖ ጣት ካልበቃው ተራ የሽንት ቱቦ ይገባበትና ጫፏ ላይ ያለችው ፊኛ ተነፍታ ሳብ ትደረጋለች፤ ቀዳዳው እስኪሰፋ ደሙን ትይዘዋለች። በየሆስፒታሉ መደርደሪያ ላይ ያለ ዕቃ ነው።

በመርፌ ደሙን መሳብስ? በሕመም የተጠራቀመ ፈሳሽ ሲሆን ጥሩ መፍትሔ ነው። በምት የመጣ ደም ግን ስለሚረጋ በመርፌ ብዙም አይወጣም፤ ቀዳዳውም ስላልተሰፋ ተመልሶ ይሞላል። ቀዶ ሐኪም እስኪደርስ ጊዜ ለመግዛት ይጠቅማል፤ 20 ሚሊ ሊትር እንኳ ቢወጣ ልቡን ያላቅቀዋል። ከፍርንባው ጫፍ በታች ትንሽ ቀዶ ከረጢቱን በዓይን እያዩ መክፈት የተሻለ ነው።

የልብና የሳንባን ሥራ የሚተካውን ማሽን የሚፈልጉት የውስጥ ጉዳቶች ናቸው። የተሸነቆረው ግድግዳ በቁራጭ ይለጠፋል፤ የተበጠሱት የቫልቭ ክሮች በሰው ሠራሽ ክር ይተካሉ ወይም ቫልቩ ይቀየራል። እዚህ ላይ ጥድፊያ ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም። በማሽኑ ውስጥ ደም እንዳይረጋ ኃይለኛ የደም ማቅጠኛ ይሰጣል፤ ጭንቅላቱም የተመታ ሰው ላይ ይህ የአንጎል ደም መፍሰስ ያመጣል። ስለዚህ ልቡ ከተቋቋመው ሌላው ጉዳት እስኪድን ቀናት ወይም ሳምንታት መጠበቅ ይመረጣል። አኦርታውም ቢሆን የውጨኛው ሽፋን ከያዘው የደም ግፊቱና የልብ ምቱ በመድኃኒት ዝቅ ብሎ ይጠበቃል፤ ከዚያ ከብሽሽት በሚገባ ቱቦ ከውስጥ የሚለብስ መተኪያ ይዘረጋለታል።

ሪፈር ላይ ያለኝ አቋም ከዚህ የሚመነጭ ነው። በማሽን የሚሠራ የልብ ቀዶ ሕክምና ሲባል መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ነው፤ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከል አለ። ከደሴ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጣርማበርን ወጥቶ ነው። ለቫልቭና ለግድግዳ፣ ሰውየው ከተረጋጋ፣ ይህ መንገድ ትክክለኛው መንገድ ነው። ልቡ የታፈነን ሰው ግን ፈሳሽ ሰክቶ አምቡላንስ ላይ መጫን ከሚሴ ሳይደርስ ሊያጣው ይችላል። ደረት ወይም ሆድ የሚከፍት ቀዶ ሐኪም፣ ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያና ደም ባለበት ከረጢቱ እዚያው ይከፈት፤ የቀረው በኋላ ይላክ። ቤተሰብም እዚህ ላይ ድርሻ አለው፦ «ትልቅ ቦታ ይሂድልን» ብሎ ከመወትወት በፊት ደም የሚሰጥ ዘመድ ማሰለፍ።

ከዳኑ በኋላ

የተሰነጠቀው ፍርንባ በብረት ሽቦ ይታሰራል፤ አጥንቱ እስኪገጥም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ጄሪካን መሸከም፣ ማረሻ መጨበጥ፣ እንጨት መፍለጥ የለም። ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የገባለት ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ ይወስዳል፤ ጎመን ማቆም የለበትም፣ ግን አንድ ሰሞን እየበዛ አንድ ሰሞን እየጠፋ መድኃኒቱን እንዳያዛባው በየጊዜው እኩል ይብላ፣ የደም ምርመራውንም አይዝለል። ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ለሐኪሙ ይናገር።

ከጉዳቱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት፣ ወደ ፊት ሲያጎነብሱ የሚቀልና ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም ከመጣ የልብ ከረጢት ተቆጥቶ ውኃ እየቋጠረ ሊሆን ይችላል፤ በመድኃኒት የሚድን ነው፣ ግን በኢኮ መታየት አለበት። የተቀጠቀጠው ጡንቻ ቦታው ሳስቶ ሊነፋም ይችላል። ስለዚህ ሰውየው ቢሻለውም ከወጣ በኋላ ኢኮው መደገም አለበት።

በጣም የሚዘገየው በቀኝ በኩል ባሉት ሁለት ክፍሎች መካከል ያለው ቫልቭ ጉዳት ነው። ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ቫልቩ እያፈሰሰም ሰው ለዓመታት ሠርቶ ይኖራል። ከዚያ እግሩ ማበጥ ይጀምራል፣ ሆዱ ውኃ ይቋጥራል፣ ጉበቱ ያድጋል፤ የጉበት ወይም የኩላሊት ነው እየተባለ ይታከማል። ከብዙ ዓመት በፊት በቅሎ ረግጣው ወይም መኪና ተገልብጦበት እንደነበር የሚጠይቀው ሰው የለም፤ እሱም ከዚህ ጋር አያገናኘውም። እንዲህ ያለ ታካሚ ካርድ አውጥቶ ሲገባ ያንን አሮጌ ምት ለሐኪሙ ይንገረው፣ ኢኮም ይጠይቅ። ቫልቩ የሚጠገን ነው፤ ጥገናው የሚያምረው ግን የቀኙ ክፍል ሰፍቶ ከመድከሙ በፊት ሲሠራ ነው።